በፍሳሽ ቧንቧ ወደ ቤት የሚገባውን የአይጥ መንገድ ፈልጎ ስለ ማግኘት



አይጥ በቤት ውስጥ በታየ ጊዜ ባለ ቤት ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ድመት ማምጣት ወይም መርዝ ማኖር ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የገባበት በር ሳይታወቅ አንዱ ቢሞት ሌላው በዚያው በር ገብቶ ይተካዋል፤ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መጥረግ ያለ ድካም ነው። በሩም ብዙ ጊዜ ዓይን በሚያየው ስፍራ አይገኝም፤ ከመሬት በታች ነው።

በከተማ ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ በቧንቧ ወርዶ ከመንገድ በታች ወዳለው ታላቅ ቦይ ይደርሳል። የእንግሊዝ ዋና ከተማ ሎንዶን በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቴምዝ ወንዝ ክርፋት እንደራሴዎቹን ከምክር ቤታቸው ሊያስወጣ እስኪደርስ ድረስ ተጨንቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ጆሴፍ ባዘልጄት የተባለው መሐንዲስ በጡብ የተገነባ የፍሳሽ ቦይ ሠራላት፤ ከ1866ም ወዲህ ታላቅ የኮሌራ ወረርሽኝ አልደረሰባትም። ይሁን እንጂ ለሰው ጤና የተሠራው ቦይ ለአይጠ መጎጥም ቤት ሆነ፤ ሙቀትና ውሃ፥ ከየወጥ ቤቱም የሚወርድ ፍርፋሪ በዚያ ሞልቷልና። የፍሳሽ ቦይ ባለበት በብዙ ከተማ ነገሩ እንዲሁ ነው።

አይጠ መጎጥ ዋናተኛ ነው። ትንፋሹን ይዞ ከውሃ በታች ለጥቂት ጊዜ ይሄዳል፥ በቧንቧም ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድጉ ዘወትር መፋቅ ግድ ይሆንበታል፤ እንጨትንና የላላ ሲሚንቶን ቀርጥፎ ያልፋል። የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ለትንሺቱ አይጥ ግን የመጻፊያ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሰፊ በር ነው።

በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የስኮትላንድ ሰዓት ሠሪ ከመጸዳጃው በታች ያለውን ቧንቧ አንገቱን ቆልምሞ ውሃ ዘወትር እንዲያቆር አደረገው። ያ የቆመ ውሃ የቦዩን ክርፋት ወደ ቤት እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ዋናተኛውን አይጠ መጎጥ ግን ሁልጊዜ አይከለክለውም። ቤቱ ሳይኖርበት ቆይቶ ውሃው በደረቀ ጊዜማ ክርፋቱንም አይጡንም የሚያግድ ነገር የለም።

የሚገባበትን እንዴት ማወቅ እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ ይታያል። የፍሳሽ መስመር በተዘረጋበት በአዲስ አበባ ሰፈር በአንዲት ወይዘሮ ቤት ሳሙናና ሻማ እየጠፋ አስቸገረ። የቤት ሠራተኛይቱ ልጅ ተጠረጠረች፤ የወር ደመወዟንም ተከልክላ ተባረረች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ነው። ልጅቱ ከሄደች በኋላም ሳሙናው መጥፋቱን አልተወም። ኋላ ለሌላ ሥራ የተጠራ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ግርጌ ላይ ጠቆር ያለ የቅባት እድፍ አየ። አይጥ በአንድ መንገድ ሲመላለስ ጠጕሩ እንዲህ ያለ እድፍ ይተዋል።

«እመቤቴ፥ ጥቂት የተነፋ አመድ ይስጡኝ» አለ።

«አባቴ፥ አመድ ሌባ ይይዛል?» አሉት ወይዘሮዋ።

«የሌባውን እግር ያሳያል» አላቸው።

በምሽት አመዱን በወለሉ ላይ በስሱ ነሰነሰው። በነጋም ጊዜ የእግሩ ምልክት ከዕቃ ማስቀመጫው ተነሥቶ ከግድግዳው ጥግ ሲደርስ ጠፋ። ይህ ግን የመንገዱን መጨረሻ እንጂ መነሻውን አያስረዳም። ስለዚህ ግንበኛው የናና ዘይት በሙቅ ውሃ በጥብጦ በጓሮ በኩል ከፍሳሹ ቧንቧ ጨመረ፤ ቤት ያሉት ሁሉ በየክፍሉ ቆመው እንዲያሸቱ አዘዘ። እርሱ ራሱ ግን ወደ ቤት አልገባም፤ ሽታው ከልብሱ ተጣብቆ ስለሚያሳስት ነው። ይህ በአውሮፓ የጤና ተቆጣጣሪዎች ይሠሩበት የነበረ የቆየ ብልሃት ነው። የናናውም ሽታ ከዚያው ጥግ ወጣ።

ልስኑ ሲፈርስ ቀድሞ ዕቃ ማጠቢያው በዚያ ቆሞ ሳለ ያገለግል የነበረ አሮጌ ቧንቧ ተገኘ። ማጠቢያው ወደ ሌላ ግድግዳ ሲዛወር ሠራተኞቹ አፉን በጨርቅ ወትፈው በጭቃ መርገው ትተውት ነበር። አይጠ መጎጡ ጨርቁን በልቶ ጎጆ ሠርቶበታል፤ በጎጆውም የተገጠበ ሳሙናና የሻማ ክር ነበረበት። ወይዘሮዋም የግንበኛውን ዋጋ ከመክፈላቸው በፊት የልጅቱን ደመወዝ ወደ ወንድሟ ቤት ሰደዱ፤ ስሟንም በጎረቤት ፊት አነሡላት።

እንዲህ ያለ የተረሳ ቧንቧ ዋነኛው ድብቅ በር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመረመረው የቧንቧዎች መጋጠሚያና ቧንቧው ግድግዳ የሚሻገርበት ዙሪያ ነው፤ የፍተሻው ጕድጓድ ክዳንም አይዘነጋም። በጓሮ አፈሩ ያለ ምክንያት ቢሰምጥ ወይም አዲስ አፈር ተቆፍሮ ቢወጣ ከበታቹ የተሰበረ ቧንቧ መኖሩን ያስጠረጥራል። ዛሬ ባለሙያዎች በማሽን ጢስ ይነፋሉ፤ መብራት ያለው ትንሽ ካሜራም ወደ ቧንቧው ይሰዳሉ። ጢስ አወጣለሁ ብሎ እሳት ወደ ፍሳሽ ጕድጓድ የሚያቀርብ ግን ሕይወቱን ይጥላል፤ በዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ይቀጣጠላልና።

ቀዳዳው ከተገኘ በኋላ በጨርቅና በጭቃ አይደፈንም፤ የማያገለግለው ቧንቧ በራሱ ክዳን ይዘጋል፥ የግድግዳውም ክፍተት የብረት ሽቦ ተጐስጕሶበት በሲሚንቶና በአሸዋ ይመረጋል። አይጡ ከውስጥ ሳለ የተዘጋ እንደ ሆነ በግድግዳው መካከል ሞቶ ይከረፋል፤ ወይም ሌላ በር ይፈለፍላል። በሚያገለግለው ቧንቧም ውሃውን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ፥ አይጡን ግን ወደ ውስጥ የማያስገባ የብረት መከለያ ይገጠማል።

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው እጁን በጓንት ይሸፍን፤ የአይጥ ሽንት የነካው ውሃ በቍስል በኩል ገብቶ ጕበትንና ኵላሊትን የሚጐዳ በሽታ ያመጣል። የአይጥም ቁንጫ ተስቦ ያስተላልፋል። የደረቀ ዓይነ ምድሩ በውሃ ሳይርስ አይጠረግ።

በገጠር የፍሳሽ ቧንቧ የሌለው ቤትም ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አይደለም። የሽንት ቤቱ ጕድጓድ ክዳን ከሌለው፥ የእጣቢ ውሃ መውረጃውም ግድግዳውን በስቶ ሽቦ ሳይደረግበት ከወጣ፥ አይጡ ከእድፍ ወደ ሊጥ ይመላለሳል። አመድ በየምድጃው አለ። ተማሪው ማታ ይነስንሰው፤ ጧት ቤት ሳይጠረግ ተነሥቶ ምልክቱ በየትኛው ግድግዳ እንደ ገባ ይመልከትና ለአባቱ ያሳይ።