ትምባሆን በአንድ ቀን ስለ መተው
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በፊታችሁ የቆምሁት ትምባሆ ጎጂ መሆኑን ለማስረዳት አይደለም። ሌሊት በሳል የሚነቃው አጫሽ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ንግግሬ ለመተው ቆርጦ መንገዱን ለሚጠይቅ ሰው ነው።

ብዙዎች «ጥቂት በጥቂት እቀንሳለሁ» ይላሉ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ወደ 700 በሚጠጉ አጫሾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀን ቆርጠው በአንድ ጊዜ ከተዉት ከመቶ 49፣ ቀስ በቀስ ከቀነሱት ግን ከመቶ 39 ያህሉ ከአራት ሳምንት በኋላ ሳያጨሱ ተገኝተዋል። ሁለቱም ወገኖች ምክርና ኒኮቲንን የሚተካ መድኃኒት ያገኙ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም፤ ስለዚህ ሐኪም ማማከር የድካም ምልክት አይደለም።

ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሲቋረጥ ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሐሳብ መበተንና ረኃብ ይከተላሉ። እነዚህም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይበረታሉ፤ ለአብዛኛው ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለዝባሉ። ስለዚህ ቤተ ሰብ በነዚህ ቀናት የአባወራውን መነጫነጭ ቢታገሥ ትልቅ እርዳታ ነው።

አንዱ ሐራራ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አያልፍም፤ እንደ ክረምት ዶፍ ነውና ከጥግ ቆሞ መጠበቅ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ውሃ መጠጣት፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ከወንበር ተነሥቶ መራመድ ይጠቅማል። መተርኮሻውንና ክብሪቱንም አስቀድሞ ከቤት ማስወጣት ነው።

ስለ ቡና አንድ ቃል ልጨምር። የትምባሆ ጢስ ጉበት ካፌይንን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራ ሲቆም ግን ካፌይኑ በደም ውስጥ ይቆያል፤ የሚያመጣውም መቅበጥበጥና እንቅልፍ ማጣት የሐራራ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ለጊዜው አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን መተው ብልኅነት ነው።

እናንተም ሹማምንት፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሥራ ቦታዎችና የሕዝብ መገልገያዎች ማጨስን ከልክሏል። ይህን በየቢሯችሁ ማስከበር ለመተው የሚታገለውን ሠራተኛ ማገዝ ነው። ለእንደዚህ ያለው ባልንጀራ ሲጋራ መጋበዝም ወዳጅነት አይባልም።

አንድ ቀን ያዳለጠው ሰው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ቀረ ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ በማግስቱ እንደገና ይጀምር። አንድ ዓመት የታገሠ ሰው በማጨሱ ምክንያት የተጨመረበት የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንስለታል። የሲጋራው ገንዘብም ለልጆች ደብተርና ለቤት ቀለብ ይተርፋል።

እንግዲህ ለመተው ያሰበ ሰው ቀኑን ዛሬ ማታ ይቁረጥ፤ ለባለቤቱና ለአንድ ወዳጁም ይንገር።