የአዳራሻችን ቁልፍና የልጆቻችን ጤና

(በወልቂጤ በሠፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይነገር ነው። ቤት ውስጥ ግን ሁላችንም በሹክሹክታ እናወራዋለን። ይኸውም የወጣት ሴቶች ልጆቻችን የሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። ይህ የተቀመጥንበት አዳራሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ለሠፈራችን ወጣት ሴቶች ይከፈት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም እዚሁ መጥታ ታገልግላቸው።

«ጤና ጣቢያ እያለልን አዳራሽ ለምን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት እስቲ የሠፈራችንን ሴት ልጆች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛዋ ከገጠር መጥታ በየቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። ከማለዳ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ጤና ጣቢያው ክፍት በሆነበት ሰዓት እሷ እንጀራ እየጋገረች ወይም ልጅ እየጠበቀች ነው። ሁለተኛዋ ለትምህርት ብላ ከወረዳ መጥታ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ተማሪ ናት። እናቷ ሩቅ ናት፤ የምታማክረው ሰው የላትም። ሦስተኛዋ በጅማ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ወይም ሆቴል ውስጥ የምታስተናግደው ናት። ሹፌሩም ነጋዴውም መንገደኛውም እሷ ዘንድ ያርፋል፤ እንቢ ለማለት አቅም የሚያንሳት ጊዜ አለ። አራተኛዋ የራሳችን ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሁላችንም በስሟ የምንጠራት። ለጤና ጣቢያው ከሁሉ የምትቀርብ ትመስላለች። ነገር ግን ለመሄድ ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው እሷ ናት።

ለምን ትፈራለች? ካርድ ክፍል ስትሰለፍ ከፊቷ የአክስቷ ጎረቤት፣ ከኋላዋ የእናቷ የዕቁብ ጓደኛ ትቆማለች። «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ይሏታል። ራሴን አሞኝ ነው ብላ ትመለሳለች። ማታ እሷ ቤት ሳትገባ ወሬው ቀድሟት ይገባል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል፤ እውነት ነው። ግን ልጅቱ በሽታዋን እንድትደብቅ ያደረጋት ማን እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያደረጋት የእኛ አፍ ነው።

መቼም አገልግሎቱ በአገራችን የለም የሚል አይኖርም። ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መቆጣጠሪያን በይፋ ማስተዋወቅን የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ተቋቁሞ ሥራውን ጀመረ። በ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ለአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት የሠለጠኑ ሴቶች ተመደቡ። በከተማም ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነርሶች በዚሁ ሥራ ተሰማርተው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ክኒኑ፣ የሦስት ወሩ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ኮንዶሙ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ ነው። የአገሪቱ የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያም ያገባም ሆነ ያላገባ፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አገልግሎቱን የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል።

ውጤቱም ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች ከ100 ውስጥ 8ቱ ብቻ ነበሩ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 36 ደርሷል። ሆኖም በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው 100 ልጃገረዶች 13ቱ ወይ ወልደዋል፣ ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ሕጋችን ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ ጥናቱ ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ገና 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው እንደተዳሩ ያሳያል። እንግዲህ መድኃኒቱ አለ፣ ባለሙያዋ አለች፣ ሕጉም አለ። የጎደለው ልጅቱ ሳትሸማቀቅ የምትገባበት ቦታ ነው።

ይህን ያሰብነው የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለው አካባቢ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶቹ በመንደራቸው በቡድን እየተሰበሰቡ ማንበብና መጻፍ፣ ስለ ጤናቸውም ይማሩ ነበር፤ በልጅነታቸው የተዳሩትም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ልጃቸውን ሳይድሩ በፕሮግራሙ ላቆዩ ወላጆች ማበረታቻ ይሰጣቸው ነበር። ወላጅና የአካባቢው ሰውም ለብቻው እየተሰበሰበ ይወያይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ ትንንሾቹ ልጆች በዕድሜያቸው መዳራቸው ቀንሷል፤ ከፍ ያሉት ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ መጠቀም ጀምረዋል።

በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ አካባቢ «ብሩህ ተስፋ» ተጀመረ። ይኼኛው ለእኛ ከተማ ይበልጥ ይቀርባል። ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ መጥተው በየሰው ቤት ተቀጥረው የቀሩትን፣ ትምህርት ቤት ያልገቡትን ልጆች ነበር የፈለገው። ከዚያው ሠፈር የተመረጡ ሴቶች በር እያንኳኩ አሠሪዎችን አነጋገሩ፤ «ልጅቱን ለጥቂት ሰዓት ልቀቋት» ብለው ለመኑ። መሰብሰቢያቸው የቀበሌ አዳራሽ ነበር። ቀበሌው አዳራሹን በነፃ ሰጠ። ልጆቹ ፊደል ቆጠሩ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሰውነታቸው ተማሩ፣ ሕክምና ሲያስፈልጋቸውም በነፃ የሚታከሙበት ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ሥራው ኋላ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደርም ሄዷል። ልብ በሉ፤ ዋናው ነገር ሕንፃ ማቆም አልነበረም። የሠፈር ሴት በር አንኳኳች፣ የሠፈር አዳራሽ ተከፈተ።

ከአፍሪካም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በዚምባብዌ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከ16 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች በየሠፈሩ አዳራሽ የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያና የወር አበባ መጠበቂያ በአንድ ላይ ይሰጥ ነበር። ብዙ ወጣት መጣ፤ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ በመላው አካባቢ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ውጤትን በመለወጥ ረገድ የታሰበውን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ አዳራሽ መክፈት ሁሉን ይፈውሳል ብዬ አልነግራችሁም። ወጣቱ ግን ቅርብና ክፍት በር ሲያገኝ እንደሚመጣ ታይቷል።

እኛም ብንሆን ለመድኃኒት በር መክፈት አዲሳችን አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለልጃገረዶቻችን በየትምህርት ቤታቸው ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ልጆች በዘመቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በመወጋት እንዲሆን ተደርጓል። ልጆቹ ካሉበት ስለተሄደ ተከተቡ።

አሁን ወደ አዳራሻችን ልመለስ። ቅዳሜ ምን ይሠራል? ሐሳቤ በሩ በብዙ ምክንያት የሚገባበት እንዲሆን ነው። አንዷ ፊደል ልትቆጥር ትመጣለች፤ አንዷ ሞዴስ ልትወስድ፤ አንዷ ደም ግፊቷን ልትለካ፤ አንዷ ዝም ብላ ከእኩዮቿ ጋር ቡና ልትጠጣ። ከእነዚህ መካከል ባለሙያዋን ለብቻ ለማነጋገር የምትፈልግ ወደ ጓዳው ክፍል ትገባለች። ማን ለምን እንደመጣ ከደጅ ቆሞ የሚያውቅ አይኖርም። ጓዳው አሁን የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ነው፤ ዕቃው ወደ አንድ ጥግ ቢጠጋና መጋረጃ ቢሰቀል ለሁለት ሰው ይበቃል።

ባለሙያዋ እዚህ የምትሰጠው ምክር፣ ኮንዶም፣ ክኒንና እሷ በምታምንበት መጠን ሌላውን ነው። በክንድ የሚቀበረውና ሌላው ንጹሕ ክፍል የሚፈልገው ሥራ በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ወረቀት ጽፋ ትልካታለች። አንዳንድ ነገር ደግሞ ቅዳሜን አይጠብቅም፤ ይህን ሁላችንም እንወቀው። አንዲት ልጅ ብትደፈር ያኔውኑ ወደ ሕክምና ትወሰድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ ክኒንም እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪያስታርቅ ሰዓቱ ያልፋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 551 በመደፈር ላረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ፣ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ላልተዘጋጀችና ለተመሳሳይ ምክንያቶች በሕክምና ተቋም እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል። ይህን የማታውቅ ልጅ በስውር ወደማይታወቅ ሰው ሄዳ ሕይወቷን ታጣለች።

ተቃውሞ እንደሚኖር እጠብቃለሁ። «ያላሰቡትን ታስታውሷቸዋላችሁ» የሚል ይኖራል። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ስለ ሰውነቷ የተማረች ልጅ በዚህ ምክንያት ቸኩላ ግንኙነት እንደማትጀምር አሳይተዋል። ስልኩና መንገዱ ደግሞ ከእኛ ቀድመው አስታውሰዋታል። «ሃይማኖታችንስ?» የሚል ይኖራል። በዚህ ሠፈር ሙስሊምም ክርስቲያንም አብረን እንኖራለን፤ እያንዳንዱ ቤት ልጁን በእምነቱ ይምከር፣ ታግሣ እንድትቆይ ያስተምር። ይህን የሚከለክል የለም። አዳራሹ ምክሩ ላልደረሳት ወይም በግድ ለተወሰደባት ልጅም ጭምር ነው። «ወላጅ ሳያውቅ?» የሚልም ይኖራል። ወላጅ እዚህ ምን እንደሚሰጥ በሙሉ ያውቃል፤ ይኸው በሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። የማይነገረው የትኛዋ ልጅ ምን እንደወሰደች ነው።

ለዚህ ሥራ ከማኅበሩ የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ቁልፉ በየቅዳሜው በ8 ሰዓት ለተመረጡ ሁለት እናቶች ይሰጥ። በዚያ ሰዓት የዕድርም የዕቁብም ስብሰባ አይጠራ።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛ የቀጠርን ቤቶች ልጅቱን ለዚያ ጊዜ እንልቀቃት፤ ከደመወዟም አይቆረጥ።

ሦስተኛ፤ ስም የሚጻፍበት የማኅበር መዝገብ አይኑር። የባለሙያዋ መዝገብ ከእሷ ጋር ይምጣ፣ ከእሷ ጋር ይሂድ።

አራተኛ፤ ወንዶች በዚያ ሰዓት በደጃፉ አይቁሙ። ሁላችንም ደግሞ ያየነውን አናውራ። ይኼኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከአራቱ የሚከብደው ግን እሱ ነው።

ወገኖቼ፤ የጉራጌ ሰው ጀፎረን ለሁሉ ክፍት አድርጎ የኖረ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም ሸንጎውም እዚያ ነው። በቃል የሚወርደው ታሪክ እንደሚነግረን የቃቄ ወርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሴቶችን የጋብቻ መብት ይዛ የቆመችው በአደባባይ፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው። በ1950ዎቹም አዲስ አበባ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ አሠርተዋል። ያ ትውልድ ሳንቲም ከሳንቲም አጠራቅሞ መንገድ ካስወጣ፣ እኛ ከተሠራ አዳራሽ ላይ ሁለት ሰዓት ማዋጣት አያቅተንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የመስቀል ሰሞን ልጆቻችን ከየከተማው ሲመለሱ ቤቱ ይሞላል፤ እንበላለን፣ እንመራረቃለን። በዚያ ማዕድ ዙሪያ የጎደለች ልጅ እንዳትኖር ከዛሬው እናስብበት። ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ የምትቃወሙም ምክንያታችሁን እዚሁ ንገሩን፣ እንመካከር።



(አስተያየት ያላችሁ አባላት በቃልም ሆነ በጽሑፍ ለማኅበሩ ጸሐፊ መስጠት ትችላላችሁ። ስም መጻፍ አያስፈልግም።)