ከሰበታ ወደ ሱሉልታ

እሷ፦ አንድ የታክሲ ረዳት «ከሰበታ ወደ ሱሉልታ» ቢል፣ «ወደ ሱሉልታ ከሰበታ» ቢል ያው ነው። «ከ» እና «ወደ» ሥራቸውን ይሠራሉ። የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ ግን ፋንክሽን ሲጠራ ለዓመታት የሚያየው የእሴቶቹን ተራ ብቻ ነበር።

እሱ፦ እኔን ያስለፋኝም እሱ ነው! የጭነት ፕሮግራም ስጽፍ ተራውን አቀያየርኩና፣ ለቡራዩ የታዘዘው ዕቃ መነሻው ቡራዩ ሆኖ ወጣ። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ የለም።

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ፒኤችፒ 8.0 ሲወጣ ግን መፍትሔው መጣ። ፋንክሽኑን መድረሻ: "ሱሉልታ", መነሻ: "ሰበታ" ብለህ ትጠራዋለህ፤ ቢገለባበጥም ግድ የለውም።

እሱ፦ ስሙንም በራሳችን ፊደል ይቀበላል፤ ይሄ ልቤን ነው የሚነካኝ።

እሷ፦ ብቻ ነገ «መነሻ»ን «መጫኛ» ብለህ እንዳትቀይረው፤ በስሙ የጠሩት የኮድ መስመሮች ሁሉ ይሰበራሉ።

እሱ፦ አልነካውም።