የደጋፊዎች ትራፊ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



አሮጌ ዕቃ ስለ ማጠራቀም ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የምናገረውም ስለ ቴምብር አይደለም፤ በአሜሪካ አገር የቤዝቦል ደጋፊዎች ትተውት ስላለፉት ጥቃቅን ነገር፥ ይኸውም ስለ ደረት አርማ፥ ስለ ቲኬትና ስለ ፎቶግራፍ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ እኔም አስቀድሞ እንዲሁ ነበርሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በቦስተን ከተማ ማይክል ማክግሪቪ የሚባል ባለ መጠጥ ቤት ነበረ። በቤዝቦል ጨዋታ ሯጩ «ቤት» ወደሚሉት መነሻ ስፍራ የሚመለሰው በሦስት ማረፊያዎች ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውዬው መጠጥ ቤቱን «ሦስተኛው ማረፊያ» ብሎ ሰየመው፤ ሰው ወደ ቤቱ ሳይገባ መጨረሻ የሚያርፍበት ነውና።

ሮያል ሩተርስ የተባሉት የቦስተን ደጋፊዎች የሚሰበሰቡት በዚህ ቤት ነበረ። በ1903 በተደረገው በመጀመሪያው የወርልድ ሲሪዝ ውድድር ቡድናቸውን ተከትለው እስከ ፒትስበርግ ሄዱ። ፒትስበርግ 3 ለ1 ይመራ ነበር፤ እነርሱ ግን «ቴሲ» የተባለውን የቲያትር ዘፈን ቃሉን እየለወጡ የተቃራኒውን ተጫዋቾች እስኪያሰለቹ ድረስ ዘፈኑ። ቦስተንም ተከታዮቹን 4 ጨዋታዎች አከታትሎ በማሸነፍ 5 ለ3 ረታ። የረዳው ዘፈኑ ይሁን ጉልበቱ፥ ፍርዱን ለስፖርት መምህራችን እተዋለሁ።

ማክግሪቪ የመጠጥ ቤቱን ግድግዳ በተጫዋቾችና በደጋፊዎች ፎቶግራፍ ሞልቶት ነበር። በ1920 መጠጥ መሸጥ በአገሩ ሕግ ሲከለከል ቤቱ ተዘጋ፤ እርሱም ፎቶግራፎቹን በ1923 ለቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ ጥቂቶቹ ተሰረቁ፤ ከነዚያም አንዳንዶቹ ተገኝተው ተመልሰዋል። ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰብሳቢ በእኔ አስተያየት ከሌባው ብዙ አይርቅም።

የደረት አርማም ቢሆን ምስጢር አለው። ከ1896 ጀምሮ በብዛት የተሠራው ዓይነት በቆርቆሮ ላይ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተደርጎ በስስ ሴሉሎይድ የተሸፈነ ነው። እርጥበት ከገባበት ቆርቆሮው ይዝጋል፤ ሥዕሉም ቡናማ ነጥብ ያወጣል። በጀርባው አንዳንድ ጊዜ የሠሪው ስም የታተመባት ትንሽ ወረቀት ትገኛለች፤ ቆሻሻ መስሏቸው ቀድደው የሚጥሏት አሉ! ወረቀቲቱ ከሌለች አርማው ማን እንደ ሠራው ለማወቅ እጅግ ያስቸግራል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለዛሬው በዓል ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አገኘን። ዐሥራ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ቆመዋል፤ ከኋላቸውም ደጋፊዎች ባንዲራ ይዘው አፋቸውን ከፍተው ይዘምራሉ። ገልብጠን ብናየው ስም የለ፥ ዓመተ ምሕረት የለ፥ የሙጫ ምልክት ብቻ ነው። ምናልባት ከወላጆቻችን መካከል ከዘማሪዎቹ አንዱ ይኖር ይሆናል።

ፎቶግራፉ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወረቀትና እርሳስም አስቀምጠናል።