ከክሮንስ ሕመም ጋር መብላት፦ የማስታወሻ ደብተራችን ያስተማረን

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ግንቦት 1 ቀን የልደታን በዓል በኮንዶሚኒየሙ ግቢ አብረን ማክበራችንን ታስታውሳላችሁ። እንደ ልማዳችን ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቆሎው ተቆልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ቡናው ተፈልቶ ነበር። ከመካከላችን አንዷ ንፍሮ ሲቀርብላት «ይቅርብኝ» አለች። ደግመው ሲሰጧትም «ይቅርብኝ» አለች። በሦስተኛው «የልደታ ንፍሮ እምቢ ይባላል እንዴ?» ሲሏት አፈረችና አንድ እፍኝ በላች። ያን ሌሊት በቁርጠት ስትገላበጥ አደረች፤ በነጋታው ሥራ አልገባችም። የሰጧት እናቶች በፍቅር ነው የሰጧት። እርሷም ለምን እንደማትበላ አልነገረቻቸውም።

በማኅበራችን ውስጥ ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት ሕመም ጋር የምንኖር ሦስት ሴቶች ነን። ዛሬ የምንናገረው ሦስታችንም ተመካክረን ያዘጋጀነውን ነው። ሐኪሞች አይደለንም። የምናካፍላችሁ ከሐኪሞቻችን የሰማነውን፣ በራሳችን ላይ ያየነውንና የተሳሳትንበትን ነው።

ሕመሙ ስሙን ያገኘው ቡሪል ክሮን ከተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እርሱና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በኒውዮርክ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ስላዩዋቸው ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1932 ጽፈው ነበር። ከጀርም የሚጠብቀን የሰውነታችን መከላከያ መሥመሩን ስቶ የገዛ አንጀታችንን ያስቆጣዋል፤ አንጀቱ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ አንዳንዴም ይጠብባል። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ በየትኛውም ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ በብዛት የሚታየው ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ቁርጠት፣ ለሳምንታት የማይቆም ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ደም ማነስና አልፎ አልፎ ትኩሳት ያመጣል። ጋብ ይልና ሰው ዳንሁ ሲል ተመልሶ ይነሣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ትሪ መብላት አያስፈራም። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም በሕክምና ይገታል።

ስለ ምግብ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። በአገራችን ሆዱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «አሜባ ነው» ወይም «ታይፎይድ ነው» የሚል ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ የአንጀት ቲቢ አለ። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ አንጀቱን የሚያቆስሉት በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በኮሎኖስኮፒ ታይቶም ናሙና ተወስዶም ለመለየት የሚቸገሩበት ጊዜ አለ። አንዷ ከእኛ መካከል ለወራት የቲቢ መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ነው ክሮንስ መሆኑ የታወቀው። ይህን የምንለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሁለቱን አለመለየት በሁለቱም በኩል ይጎዳል፤ ለክሮንስ የሚሰጡት የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ቲቢ ላለበት ሰው አደገኞች ናቸው። ስለዚህ ምርመራው ሳያልቅ በምግብ ብቻ እንታከም ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። መጀመሪያ የሠራነው ስሕተት ሁሉንም መተው ነበር። ሕመማችን ሲታወቅ ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዷ ጎረቤት በርበሬ ተዪ አለች፤ ሌላዋ ወተት ተዪ፤ ዘመድ ደግሞ እንጀራው ነው፣ ወደ ዳቦ ዙሪ አለ። ፌጦ በሎሚ ጠጪ ያሉም ነበሩ። ሁሉንም ሰማን። ከሦስታችን አንዷ ለአራት ወር ያህል ከሩዝና ከስኳር ሻይ የተረፈ ምግብ አልነበራትም። ከ58 ኪሎ ወደ 46 ኪሎ ወረደች፤ ፀጉሯ ረገፈ፤ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪሟ ሲያያት «አሁን ያደከመሽ በሽታው ብቻ አይደለም፤ ረኃብም ነው» አላት።

ከሦስታችን አንዷ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። በሂሳብ ሥራ ልዩነት ሲገኝ መዝገቡ ሁሉ አይቀደድም፤ ደረሰኝ በደረሰኝ ይመሳከራል። ሆዳችንንም እንዲሁ ብናደርገውስ ብለን ተነጋገርን፤ እያንዳንዳችን አንዳንድ ደብተር ገዛን።

አያያዙ ቀላል ነው። ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልነው። በመጀመሪያው ቀንና ሰዓት። በሁለተኛው የበላነውና የጠጣነው፣ መጠኑና አሠራሩ፤ «ጎመን» ብቻ ሳይሆን «ጥሬ ጎመን» ወይም «በደንብ የበሰለ ጎመን» እያልን። በሦስተኛው የሆድ ሁኔታ፤ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥተን፣ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥን ጨምረን። በአራተኛው ሌላው ሁሉ፤ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ፣ የወሰድነው ወይም የረሳነው መድኃኒት። አራተኛው ዓምድ ትርፍ ይመስላል፤ ግን ብዙ ምግብ ያለ ጥፋቱ ከመከሰስ ያዳነው እርሱ ነው።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ምንም ሳንለውጥ ጻፍን። ከዚያ ደጋግሞ ከሕመም በፊት የሚመጣውን ምግብ ፈለግን። የተጠረጠረውን አንዱን ብቻ ለሁለት ሳምንት ተውነው። ከተሻለን በትንሹ መልሰን ሞከርነው፤ እንደገና ካመመን ተለየ፤ ካላመመን ነጻ ወጣ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አልተውንም፤ ከተውን የትኛው እንደሆነ አይታወቅማ። ሕመሙ በተነሣበት ሰሞን ደግሞ ሙከራ አናደርግም። ያን ጊዜ ውኃ እንኳ ሊከሰስ ይችላል።

ውጤቱ የሦስታችንም የተለያየ ሆነ። አንደኛዋ ትኩስ ወተት ስትጠጣ ይነፋታል፣ ያስቀምጣታል፤ እርጎና አይብ በመጠኑ ሲሆን ግን ይስማማታል። ወተት ሲረጋ በውስጡ ያለው ስኳር ስለሚቀንስ እንደሆነ ተነግሯታል። ሁለተኛዋ የግንቦት ልደታዋ እኅታችን ናት፤ አንጀቷ አንድ ቦታ ላይ ጠብቧል። ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ለውዝና ጥሬ አትክልት ልጣጭና ጭረታቸው በጠባቡ ቦታ ይያዝባታል። ነገር ግን ያው ጥራጥሬ ተከክቶና ተፈጭቶ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ ሆኖ በደንብ ሲበስል ትበላዋለች። ለእርሷ ጥያቄው ምን ተበላ ብቻ ሳይሆን እንዴት ተሠራ ነው።

ሦስተኛዋ ለዓመታት በርበሬን ስትረግም ኖራለች። ደብተሯን ስናየው በርበሬ ያለበት ሽሮ በልታ ሰላም ያደረችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የታመመችባቸው ቀናት ዘይት ወይም ቅቤ የበዛበት ወጥ የበላችባቸው፣ ወይም ጠዋት በባዶ ሆዷ ቡና የጠጣችባቸው ሆነው ተገኙ። ዛሬ ቡናዋን ቁርስ ከበላች በኋላ አንድ ስኒ ትጠጣለች። በርበሬ ለሌላው ሰው አይጎዳም ማለታችን አይደለም፤ ለእርሷ ጥፋተኛው እርሱ አልነበረም ነው የምንለው። ስለዚህ የእኛን ዝርዝር ገልብጣችሁ እንዳትወስዱ አደራ፤ የራሳችሁን ደብተር ያዙ። እንጀራን ማናችንም አልተውንም፤ ለሦስታችንም ተስማምቶናል።

ሕመሙ ሲነሣ የሚረዳን ለስላሳና ጭረት የሌለው ምግብ ነው፦ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቅባቱ የወጣለት የዶሮ አልጫ፣ የተጣራ የአጃ አጥሚት፣ የበሰለ ሙዝ። በቀን ሦስቴ ከመጥገብ ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ እንበላለን። ተቅማጡ ሲበዛ ኦአርኤስ በጥብጠን እንጠጣለን። ሲሻለን ግን ዓይነቱን እናበዛለን፤ የሕመም ሰሞን ምግብ የዘወትር ምግብ መሆን የለበትም። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ሲታመም ቫይታሚን ቢ12 በሚገባ ስለማይገባ፣ ደም ማነስም ስለሚከተል፣ በየጊዜው ደማችንን እንመረመራለን።

ስለ ጾም ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አሉ። በጾም ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ ይቀርና ገበታው በጥራጥሬና በጎመን ይሞላል፤ እስከ ከሰዓት ተርቦ ቆይቶ አንዴ መብላትም አለ። ይህ ለቆሰለ አንጀት ከባድ ነው። ከእኛ አንዷ ለንስሐ አባቷ ስትነግራቸው «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም፤ በጸሎት ጹሚ» አሏት። ሙስሊም እኅታችንም በረመዳን የታመመ ሰው ማፍጠር እንደተፈቀደለትና በሌላ ቀን እንደሚተካው ወይም ድኻ እንደሚያበላ ነግራናለች። አሳፋሪ ነገር የለውም። ሃይማኖቱ የፈቀደልንን ጎረቤት እንዳይከለክለን ብቻ ነው የምንጠይቀው።

አሁን በጣም ወደጎዳን ስሕተት እንመጣለን። ደብተሩ ሠራልን። ሆዳችን ረጋ፤ ክብደት ጨመርን። ያን ጊዜ አንዷ «ምግቤን አውቄያለሁ፣ ለምን ኪኒን እውጣለሁ?» ብላ ለሐኪሟ ሳትነግር አዛታዮፕሪን የሚባለውን መድኃኒት አቆመች። ለስምንት ወር ምንም አላመማትም። በዘጠነኛው ወር ሆዷ ተነፋ፣ ያስመልሳት ጀመር፣ ፈሷ እንኳ አልወጣም። አንጀቷ ተዘግቶ ነበር። በቀዶ ሕክምና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ወጣ። ያቺ ሴት የግንቦት ልደታዋ እኅታችን ናት፤ ዛሬ ንፍሮ የምትፈራውም በዚያው ምክንያት ነው።

ትምህርቱ ይህ ነው። ምግብ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ወይም ሊያስታግስ ይችላል፤ ቁስሉ ግን ሕመም ሳይሰማንም ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ቁስሉን የሚያሳየው የሰገራና የደም ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒና ሲቲ ስካን ነው። ደብተሩ ገበታችን ላይ ምን እንደምናደርግ ይነግረናል፤ መድኃኒት እናቁም ወይስ እንቀጥል ግን አይነግረንም። ጸበልም የምንጠመቅ መድኃኒታችንን ሳናቋርጥ እንጠመቅ። ለራስ ምታትና ለወገብ የምንገዛቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ሊያስነሡ ስለሚችሉ ሳንጠይቅ አንዋጥ።

ሆድ ተነፍቶ ማስመለስና ፈስ አለመውጣት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ሲመጣ ነገ እናያለን አይባልም። ያኑ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

በመጨረሻም ሦስት ነገር እንጠይቃችሁ። አንደኛ፣ በማኅበራችን ግብዣ ላይ ከቀዩ ወጥ ጎን ቅባት ያልበዛበት አልጫና ሩዝ ይቀመጥ፤ ወጪው ትንሽ ነው፤ ጨጓራ ያለባቸውንና አረጋውያን እናቶቻችንንም ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ አንዲት እኅት አንድ ጊዜ «ይቅርብኝ» ካለች በቂ ይሁን። ጉርሻ ፍቅር መሆኑን እናውቃለን፤ መተውም ፍቅር ይሁን። ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችንና ለቁጠባ ኮሚቴው፦ ኮሎኖስኮፒ ሲታዘዝ ገንዘቡ እስኪሞላ ወራት የምናስተላልፍ አለን፤ ለምርመራ ብቻ የሚውል፣ በየወሩ የሚመለስ አነስተኛ ተዘዋዋሪ ብድር በሚቀጥለው በጀት እንዲያዝ ሐሳብ እናቀርባለን። ሂሳቡን ለመያዝ እኛው ፈቃደኞች ነን።

ሆዳችሁን ለወራት እያመማችሁ በዝምታ የተቀመጣችሁ እኅቶች ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል እንቆያለን። አንድ አንድ ባዶ ደብተርም አምጥተናል። ለሚቀጥለው ግንቦት ልደታ ንፍሮው ይቀቀል፤ ከአጠገቡም አንድ ድስት አጥሚት ይጣድልን። ሁላችንም ከግቢው ሳንቀር አብረን እናከብራለን።