ለትንሽ ትራክተር የሣር መከትከቻ ስንገዛና ስንይዝ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር፤ መርካቶ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)





በበዓል ቀን ስለ ብሎንና ስለ ግራሶ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እንደምታውቁት ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ አንድ ሐሳብ አለ። ከትርፍ ክፍፍሉ ላይ ተቀንሶ በትንንሽ ትራክተሮቻችን ላይ የሚገጠሙ የሣር መከትከቻዎች ይገዙ፣ ለእያንዳንዱ ማኅበርም አንድ አንድ ይዳረስ የሚል ነው። ገንዘቡ የእናንተ ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መሣሪያው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ማወቅ ይገባችኋል። ይህ ንግግር እዚህ መርካቶ ውስጥ መደረጉም ጥሩ ነው፤ ከአዳራሹ ስንወጣ በእግራችን ሶማሌ ተራ ደርሰን የምናገረውን በዓይናችሁ ልታዩ ትችላላችሁ።

መሣሪያው በውጭ ስሙ ፍሌይል ሞወር ይባላል። ከብረት ክዳን ሥር አግድም የተኛ ወፍራም ዘንግ አለው፤ ሮተር እንለዋለን። በሮተሩ ዙሪያ ቢላዎች ወይም ትንንሽ መዶሻዎች በብሎን ተንጠልጥለዋል። ሮተሩ ሲሽከረከር እነዚህ ተዘርግተው ሣሩን፣ አረሙንና ቀጭኑን ቁጥቋጦ እየመቱ ይከተክቱታል። እህል በዱላ እንደመውቃት ነው፤ ልዩነቱ ይህ ዱላ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ያህል የሚዞር መሆኑ ነው። ቢላዋው ተንጠልጣይ ስለሆነ ድንጋይ ቢያገኘው ወደ ኋላ ይታጠፋል እንጂ ወዲያው አይሰበርም። ድንጋይ የሚበዛበት መሬት ያላቸው ሰዎች መሣሪያውን የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠብቁት ጥያቄ ልምጣ። ድርቆሽ ያጭዳል ወይ? በእኔ አስተያየት ለድርቆሽ ብላችሁ አትግዙት። ከሱሉልታ ሜዳ እየታጨደ ወደ አዲስ አበባ የወተት ላም አርቢዎች የሚሄደው ድርቆሽ ዋጋ የሚያወጣው ረጅም፣ ንጹሕና ለመታሰር የሚመች ሲሆን ነው። መከትከቻው ግን ሣሩን ይሰባብረዋል፣ ቅጠሉን ያራግፈዋል፣ ከሥሩም አፈር እያነሣ ይቀላቅልበታል። የደቀቀውን ሣር በመንሽ ማንሣት ያስቸግራል፤ ማሠሪያ ማሽንም አጥብቆ አይዘውም። ለድርቆሽ የሚሆነው እንደ መቀስ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ጥርስ ያለው ማጨጃ ነው፤ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። የበቆሎ አገዳን በተመለከተም በሌሎች አገሮች ከምርት በኋላ በዚህ መሣሪያ እያደቀቁ መሬት ላይ ይተዉታል። እኛ ዘንድ ግን አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። አገዳዬን አታድቅቁብኝ የሚል ገበሬ ቢያጋጥማችሁ ትክክል ነውና አትከራከሩት።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? በፍራፍሬ ተክል መደዳዎች መካከል ያለውን ሣር ለመቁረጥ፣ ከብት የተወውን አሜኬላና ኮሸሽላ ከግጦሽ መሬት ላይ ለመምታት፣ የመጋዘን ግቢንና የእሳት መከላከያ መስመርን ለማጽዳት ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ግን በዘር ብዜት ማሳዎቻችን ዳርና በመንገድ ዳር ለሚበቅለው ቅንጨ አረም ነው የምፈልገው። ይህ አረም ሰብል ይሻማል፣ የበላችውን ላም ወተት ያመርራል፣ የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል። አንዱ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ መመታት ያለበት ሳያብብ ነው። ካፈራ በኋላ መከትከቻ ማስገባት ዘሩን በማሽን እንደመዝራት ይቆጠራል። ሳያብብ ቢመታም እንደገና ያቆጠቁጣልና መመላለስ ያስፈልጋል። ከአንዱ ማኅበር ማሳ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ደግሞ ክዳኑና ሮተሩ ተጠርጎ መጽዳት አለበት፤ አለበለዚያ አረሙን በዩኒየናችን ወጪ ከወረዳ ወረዳ እናጓጉዛለን። ሾፌሩ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ሳያደርግ በዚህ ሥራ ላይ እንዲሰማራ አልመክርም።

ይህን ሁሉ ስትደምሩት የመሣሪያው ሥራ በዓመት ውስጥ የተወሰኑ ሳምንታት ነው። 1 ሜትር ከ25 ስፋት ያለው መከትከቻ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ መዞሪያውንና መቆሚያውን ቀንሰን፣ ከአንድ ጥማድ ትንሽ የበለጠ መሬት በሰዓት ይጨርሳል። እንግዲህ ለየማኅበሩ አንድ አንድ ይገዛ የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። አንድ ወይም ሁለት ተገዝተው በፕሮግራም ይዙሩ፤ የተረፈው ገንዘብ ለድርቆሽ ማጨጃ ወይም ለመለዋወጫ ይዋል።

ወደ አመራረጡ ስንመጣ መጀመሪያ የሚታየው ጉልበት ነው። ለአንድ ሜትር የመከትከቻ ስፋት ከ20 እስከ 25 የፈረስ ጉልበት ማሰብ ይበቃል። ነገር ግን በትራክተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ያጣል። እንደ አዲስ አበባ ባለ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ 25 ፈረስ ተብሎ የተሸጠ ትራክተር በተግባር 20 ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም፤ ካታሎጉም አይጽፈውም። ስለዚህ በሁለት ስፋቶች መካከል ስታመነቱ ጠባቡን ውሰዱ። ስፋቱ ግን ከኋላ ጎማዎቹ ውጫዊ ጠርዝ ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ጎማው የረገጠው ሣር ሳይቆረጥ ይቀራል።

ቀጥሎ ማያያዣውን እዩ። ከትራክተሩ ኋላ የሚወጣው ኃይል ሰጪ ዘንግ በደቂቃ 540 ዙር የሚዞር፣ ባለ 6 ጥርስና 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሆኑን በካሊፐር ለኩ። በ1,000 ዙር የሚሠራ ምርጫም ያለው ትራክተር ከሆነ ሾፌሩ ማርሹን በስሕተት እንዳያስገባ ምልክት ይደረግበት፤ መከትከቻውን በአንድ ጠዋት ሊበታትነው ይችላል። ባለ ሦስት ነጥብ ማንጠልጠያው የታችኛው ፒን በትንንሽ ትራክተሮች 22 ሚሊ ሜትር ነው። በእግር እየተከተልን የምንነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዘንግና ማንጠልጠያ የለውም። ባለ ሁለት ጎማ ያላችሁ ማኅበራት ይህን መከትከቻ ገዝታችሁ የሚገጥምላችሁ ባለሙያ አትፈልጉ።

ፍሪሲዮኑም ይታይ። አሮጌ ትራክተሮች ብዙ ጊዜ ባለ አንድ ደረጃ ፍሪሲዮን ናቸው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የከባዱ ሮተር ግፊት ትራክተሩን ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል፤ ቦይ ዳር ላይ ከሆነ አደጋ ነው። በመከትከቻው ካምቢዮ ወይም በመሐል ዘንጉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማላቀቂያ መኖሩን ጠይቁ። ሮተሩን በእጅ አዙሩት፤ ወደ አንድ ወገን ዘንጉን ሳይጎትት በነጻ መዞር አለበት።

ቢላዋ ወይስ መዶሻ ለሚለው፣ ለሣርና ለአረም የዋይ ቅርጽ ያላቸው ቀጫጭን ቢላዎች ጉልበት ይቆጥባሉ። የአውራ ጣት ውፍረት ላለው ቁጥቋጦ መዶሻ ይሻላል። ከኋላ የሚንከባለል ሮለር ያለው ደግሞ በሸርተቴ ብቻ ከሚሄደው የተሻለ ነው፤ አፈር አይልጥም።

በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ከወሰነ ወዲህ የሚቀርቡልን ዓይነቶች በዝተዋል። ይህ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ቢላዋው ሲያልቅ ነው። አንድ አቅራቢ መለዋወጫ አለ ሲላችሁ «አለ» የሚለውን ቃል አትቀበሉት፤ መደርደሪያው ላይ አሳየኝ በሉት። ከማሽኑ ጋር አንድ ሙሉ ቅያሪ ቢላዋ ከነብሎኑ፣ የቺንጋ ስብስብና የሮተር ኩሽኔታዎች አብረው በውሉ ይግቡ።

የቀረውን መርካቶ ይሞላዋል። መርካቶ ስሙም ከጣሊያን ዘመን የቀረ ነው፤ የጋራዥ ቋንቋችንም እንደዚያው፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጋው፣ ክሮቼራው፣ ዳዶው። ሶማሌ ተራ ስትገቡ «የሣር ማሽን ኩሽኔታ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ግቡ። በኩሽኔታው ጎን ላይ ለምሳሌ 6208 የሚል ተቀርጿል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ስታባዙ የውስጡን ቀዳዳ በሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ፤ 08 በ5 ሲባዛ 40 ነው። የዘንጋችሁን ውፍረት ካወቃችሁ የተሳሳተ ዕቃ ማንም አይሸጥላችሁም። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ሲዞር የሚንገጫገጭ ወይም ዋጋው ከጎረቤት ሱቅ በግማሽ የወረደ ኩሽኔታ ካያችሁ እለፉት። ቺንጋ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከሦስቱ አንዱ ቢበጠስ ሦስቱንም ቀይሩ፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ሲጣመር ሸክሙን ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ያልቃል።

ስለ ምናለሽ ተራ በግልጽ ልናገር። የእነዚያ ሠራተኞች እጅ የሚደነቅ ነው፤ ከተጣለ ብረት የማያወጡት ዕቃ የለም። የታጠፈ ክዳን፣ ያለቀ ሸርተቴ፣ የማንጠልጠያ ፒን እዚያ አሠሩ፤ ገንዘብ ትቆጥባላችሁ። ቢላዋና መዶሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ከባሌስትራ የተቆረጠ ቢላዋ በእሳት ግሎ በውኃ ብቻ ከቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። የሮተሩ ጫፍ በሰዓት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጓዛል፤ በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ብረት ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክብደቱም ከጓደኞቹ እኩል ካልሆነ ሮተሩ ይንቀጠቀጣል፣ በሳምንት ውስጥም ኩሽኔታው ይሞታል። ስለዚህ ቢላዋ በርካሽ አሠርቶ የመጣ የግዥ ሠራተኛ ምስጋና አይሰጠው። ደረሰኝም እንዲሁ ነው። መርካቶ ውስጥ «ያለ ደረሰኝ በዚህ፣ በደረሰኝ በዚህ» የሚል ሁለት ዋጋ ይነገራችኋል። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ኦዲት የሚደረግ ነው፤ ሁለተኛውን ዋጋ ብቻ ስሙ።

አያያዙ ከባድ አይደለም፤ መርሳት ነው የሚገድለው። ሥራ በሚሠራበት ቀን ሁሉ የመሐል ዘንጉ ክሮቼራዎችና የሮተሩ ኩሽኔታዎች ግራሶ ይጠጡ። የካምቢዮው ዘይት ልኩ ይታይ፤ የመጀመሪያው ዘይት ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየር፣ አዲስ ጥርሶች የሚያራግፉት ብናኝ አለና። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ትክክል ነው። የቢላዋ ብሎኖች ጠዋት ጠዋት በቁልፍ ይፈተሹ፤ የሚጠብቁትም በማይፈታ ዳዶ ነው። አንድ ቢላዋ ቢጠፋ በሮተሩ ተቃራኒ በኩል ያለው ጓደኛውም አብሮ ይቀየር። ቢላዋ ሲሳል ከሁሉም ላይ እኩል ይነሣ። መሣሪያው ድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሾፌሩ እስከ መስመሩ መጨረሻ ልሂድ ሳይል እዚያው ያቁም። ሲያስነሣም በዝግታ ዙር አስገብቶ ቀስ በቀስ ወደ 540 ያድርስ።

አንድ ነገር ግን ከግራሶ ይቀድማል። በሚዞር ዘንግ አጠገብ ጋቢ፣ ኩታ ወይም የተንጠለጠለ ነጠላ ለብሶ መቆም ክልክል ይሁን። የዘንጉ ፕላስቲክ ሽፋን ሲሰበር «ያለሱም ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው ይሠራል፣ ሰውም ይጠቀልላል። ከመከትከቻው ቢያንስ 50 ሜትር ዙሪያ ሕፃንም እረኛም ከብትም አይኑር፤ ከክዳኑ ሥር የሚወጣ ጠጠር ወንጭፍ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ልጆች እየተከተሉ እንደሚሮጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለዚሁ ብቻ አንድ ሰው ይመድብ። ክዳኑን ከፍቶ የሚሠራ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን በኪሱ ይያዝ፤ ከሥሩም ግንድ ያስገባ፤ ሃይድሮሊክን አምኖ ሥር አይግባ።

የሥራው ወቅት ሲያልፍ መሣሪያው ይታጠብ፣ ሮተሩና ቢላዎቹ በዘይት ይታበሱ፣ ቺንጋው ይላላ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ደብተር ይከፈት፤ የሠራበት ሰዓት፣ የተቀየረው ዕቃና የሾፌሩ ስም ይጻፍበት። ማኅበራት በሰዓት የሚከፍሉት የአገልግሎት ዋጋ ከነዳጅና ከሾፌር ክፍያ በላይ የመለዋወጫ ድርሻ ይኑረው። ይህ ድርሻ ስንት ይሁን የሚለውን ቦርዱ አሁን ሊወስነው አይችልም፤ የመጀመሪያው ዓመት ደብተር ይነግረናል።

ከምሳ በኋላ ወደ ሶማሌ ተራ የምንሄድ ካሊፐር ይዤያለሁ። ትራክተር ያላችሁ ማኅበራት የኃይል ሰጪ ዘንጋችሁን ልክና የጎማችሁን ስፋት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ያልለካችሁ ዛሬ ስልክ ደውላችሁ አስለኩ።