ያልደረሰው ብር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ የበዓል ቀን ስለ ታላላቅ ነገሮች መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን የመረጥነው በየቀኑ በኮን ሱቆች ውስጥ የሚያጋጥመንን፥ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በስልክ ወይም በካርድ የተደረገ ክፍያ ማታለያ መሆኑ ሲጠረጠር ምን ማድረግ ይገባል? የሚለው ነው። ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ለማሳየት ከሁሉ አስቀድመን አንድ የደረሰ ታሪክ እንነግራችኋለን።

ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን ከመካከላችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዘይትና ስኳር ለመግዛት ወደ አንድ ሱቅ ገባች። ሒሳቡን በእናቷ ስልክ ከፈለች፤ ገንዘቡም ተቀነሰ። ነገር ግን ወደ ባለሱቋ ስልክ መልእክት አልደረሰም። ባለሱቋ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የማያውቁት ጐረምሳ ሐሰተኛ ደረሰኝ አሳይቶ አንድ ኩንታል ዱቄት ወስዶባቸው ስለ ነበረ፥ እጅግ ተቈጥተው «እናንተ ተማሪዎች የምትማሩት ለዚህ ነወይ?» ብለው ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ፤ «ሌባ» የሚል ቃልም ተሰማ። ልጅቷ ዕቃውን ትታ እያለቀሰች ሄደች። በማግሥቱ ጧት ኔትዎርኩ ሲስተካከል መልእክቱ ደረሰ። ባለሱቋም ዘይቱንና ስኳሩን ይዘው እስከ ቤቷ ድረስ ሄዱና «ልጄ፥ ይቅር በዪኝ» አሏት። ሆኖም ልጅቷ አንድ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ስድቡን የሰሙት ብዙዎች ሲሆኑ ይቅርታውን የሰሙት ጥቂቶች ነበሩና።

አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ደግሞም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ባለሱቋ በመጀመሪያው ጊዜ ባለመጠርጠራቸው ተመነጠሩ፤ በሁለተኛው ጊዜ ንጋትን ባለመጠበቃቸው ንጹሕ ሰው በደሉ። እንግዲህ መጠርጠርስ ይገባል፤ ጥያቄው ምን እንጠርጥር? ነው። የእኛም መልስ «ሰውየውን ሳይሆን ደረሰኙን» የሚል ነው።

ገንዘብን መመርመር ለአገራችን አዲስ አይደለም። ቅድመ አያቶቻችን በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲቀበሉ፥ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች አጥርተው ይመለከቱ ነበር፤ ነጥቡ የፈዘዘውንም አንቀበልም ይሉ ነበር። ይህ የገበያ ወግ ነበር እንጂ ብር አምጪውን መስደብ አልነበረም።

ዛሬ ግን በእጅ የሚገላበጥ ብር እየቀነሰ ሄዶአል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ ስለ ሰጡ፥ የዋድላ ገበሬ በግ ሸጦ ዋጋውን በስልኩ የሚቀበልበት ዘመን ደርሶአል። አታላዩም ከዘመኑ ጋር ተራምዶአል። አንዱ የቆየ ደረሰኝ ላይ ስምና ቀን ለውጦ ሥዕሉን ያሳያል። ሌላው የባንክ የሚመስል መልእክት ከተራ ስልክ ቍጥር ይልካል። ሦስተኛው ደግሞ «ብር በስሕተት ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» ብሎ ይለምናል።

ስለዚህ ሻጭ የሆነ ሁሉ የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፤ በገዢው ስልክ ላይ የሚታየውን አይቶ ዕቃ አለመስጠት። ገንዘቡ የሚፈለገው በራስ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፤ መልእክት ቢመጣም ቀሪ ሒሳብን መመልከት። ለቴሌብር ኮከብ 127 መሰላል፥ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ኮከብ 889 መሰላል መደወል ይበቃል። ይህ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ለምናስታውስ ለእኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛ፤ ገንዘቡ ካልታየ አለመጮህ፤ ዕቃውንም አለመልቀቅ። የክፍያውን መለያ ቍጥር፥ የገንዘቡን ልክ፥ ሰዓቱንና የከፋዩን ስልክ በወረቀት ጽፎ፥ ዕቃውን በምስክር ፊት ለብቻ ማኖር ይገባል። እውነተኛ ገዢ ይህን አይጠላም። «ቶሎ በሉ፥ መኪና ያመልጠኛል» እያለ የሚያጣድፍ ገዢ ግን ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል።

አራተኛ፤ ወደ ቴሌብር 127፥ ወደ ንግድ ባንክ 951 ደውሎ መጠየቅ። ማታለል መሆኑ ከታወቀ መልእክቱን ሳያጠፉ ለፖሊስ ማመልከት ነው። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 958 በኮምፒዩተር የሚፈጸመውን ማታለልና ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀት ወንጀል አድርጎታል። መምታትና በአደባባይ ማዋረድ ግን የማንም ባለሱቅ ሥልጣን አይደለም።

ካርድ ያላችሁ ወላጆቻችን ሆይ! በሱቅም ሆነ በሆቴል ስትከፍሉ ካርዱ ከዓይናችሁ አይራቅ። የሚስጥር ቍጥራችሁን ከመምታታችሁ በፊት በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ አንብቡ፤ ደረሰኙንም ተቀበሉ። የማታውቁት ቅናሽ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ካርዱን በባንካችሁ አዘጉ። በስልክ ደውሎ «የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩኝ» የሚል ሰው፥ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ፥ ሌባ መሆኑን ዕወቁ።

ከዚህ በኋላ ቃላችንን ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎች እንመልሳለን። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ብልሽት ደርሶ፥ ሰዎች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ የወጣበትን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል አድርጎ ገልጾአል። ከወሰዱት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው መለሱ፤ ያልመለሱትን ከ500 በላይ ሰዎች ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ። እነዚያ ተማሪዎች የማንንም ቍልፍ አልሰበሩም፤ በሩ ተከፍቶ አገኙት። ሆኖም በሩ ክፍት መሆኑ ቤቱን የእነርሱ አላደረገውም።

ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል? ብትሉ፥ በኮን ብዙ እናቶችና አባቶች የሚስጥር ቍጥራቸውን የሚያውቀው ልጃቸው ብቻ ነው። ማንበብ ስለማይችሉ መልእክታቸውን የምናነብላቸው እኛ ነን። ለእነርሱ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ዘበኛው የእኛ ኅሊና ብቻ ነው። ደግሞም ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚያዘጋጀው ስልክ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ፥ አንድ ተማሪ ይህን ባደረገ ቍጥር ጥርጣሬው በሁላችን ላይ ይወድቃል። ያቺ እኅታችን ያለቀሰችው ሌላው በሠራው ነውር ነው።

ስለዚህ እኛ ይህን ቃል እንገባለን። ለወላጆቻችን ቀሪ ሒሳብን መመልከት እናስተምራለን። የሚያነብላቸው ለጠፋ ባለሱቆች እናነብላቸዋለን። በገበያ መካከል ተማሪ ሲከሰስ ስናይ ከሚጮኸው ጋር አንጮኽም፤ የክፍያውን መለያ ቍጥር እንጠይቃለን። እናንተም ወላጆቻችን፥ ደረሰኙን ያለ እፍረት መርምሩ፤ ልጆቻችሁን ግን ማስረጃ ሳታገኙ ሌባ አትበሉ።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላምን፥ ለገበያችን መተማመንን ይስጥልን።